ለይመር ያልወጣው ቀዷ

በተራሮች መካከል በጎደጎደ ስፍራ በተቆረቆረች በአንዲት ጥንታዊ ከተማ ሸኽ ጀውሐር የሚባሉ ዓሊም ይኖሩ ነበር። አላህ ይዘንላቸውና፣ ለደረሶቻቸው፣ ለተማሪዎቻቸው፣ ኪታብ ሲያስቀሩ የማይሰለቹ፣ ሰው ሲያስታርቁ የማያዳሉ ሰው ነበሩ። አንድ ነገር ብቻ ነበረባቸው፤ በጎልማሳነታቸው ምላሳቸው ፈጣን ነበር። ቀልድ ከአፋቸው አይጠፋም፤ ደረሶቻቸውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከትምህርቱ ይልቅ ቀልዱን ቶሎ ይይዙት ነበር።

ሸምግለው ሰባውን ካለፉ በኋላ፣ ከረመዷን በፊት ያለው የሻዕባን ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከተሲያቱ የዐስር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ መስጂዱ ግቢ ውስጥ ካለው ወይራ ሥር ተቀምጠው ይጫወቱ ነበር። ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ዕድሜ ላይ አረፈ። ወጣትነታችን ቢመለስልን ምኑን እንለውጥ ነበር ሲል አንዱ ጠየቀ። አንድ የጨርቅ ነጋዴ ቁርኣንን በልጅነቱ ጨርሶት ቢሆን እንደሚመኝ ተናገረ፤ አሁን አንዱን አያ፣ አንዱን አንቀጽ፣ ሲይዝ ሌላው እያመለጠው ተቸግሯል። ሐጂ ቡሽራ ደግሞ መካ ሲሄዱ እናታቸውን ይዘው ቢሄዱ ኖሮ ምንኛ ደስ ባላቸው። ለከርሞ እወስድሻለሁ ብለዋቸው ነበር፤ እናትየው ከርሞን አላዩም። ይህን ተናግረው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

ተራው ሸኽ ጀውሐር ዘንድ ሲደርስ ሰው ሁሉ ስለ ዒልም፣ ስለ እውቀት፣ የሚናገሩ መስሎት ጆሮውን አቀና። እሳቸው ግን፣ የምፈልገው አንዲት መግሪብ፣ አንዲት የጀምበር መጥለቂያ፣ እንድትመለስልኝ ብቻ ነው አሉና ታሪኩን አወጡት።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ በሻዕባን ሃያ ዘጠነኛው ቀን ማታ፣ የከተማው ሕዝብ የረመዷንን ጨረቃ ሲፈልግ አጥቶ መስጂዱ ግቢ ተሰብስቦ ነበር። ያኔ ይመር የሚባል ከሰል አክሳይ ከምዕራቡ ተራራ ጫፍ ሮጦ ወርዶ፣ ፊቱ ጥላሸት እንደለበሰ፣ ጨረቃን በዓይኑ ማየቱን መሰከረ። ለረመዷን መግቢያ የአንድ እውነተኛ ሰው ምስክርነት እንደሚበቃ ሸኹ ራሳቸው ስንት ጊዜ አስተምረዋል። ይመር ሲዋሽ ያየውም ሰው አልነበረም። ነገር ግን ልብሱን አዩ፣ ጥላሸቱን አዩ፣ ቀልድም መጣላቸው። «ያየኸው በከሰልህ ጭስ ውስጥ ይሆናል፤ ሂድና ፊትህን ታጠብ» አሉት። ግቢው ሁሉ ሳቀ። በማግስቱ ከተማው ሳይጾም ዋለ።

በሦስተኛው ቀን ነጋዴዎች ከቆላ መጥተው፣ ጨረቃው ያን ምሽት በየአገሩ መታየቱንና ሰው ሁሉ መጾሙን ተናገሩ። ሸኹ ከዒድ በኋላ ያለፈውን ቀን ሕዝቡ በሌላ ቀን ጾሞ ቀዷ እንዲያወጣ አዘዙ፤ ሕዝቡም አወጣ። የይመርን ስም ግን አላነሱም። አፍረው ነበር።

ቀልዱ ከዚያ በኋላም አልሞተም። ይመር ገበያ በወረደ ቁጥር አንዱ ተነሥቶ፣ ዛሬስ ጨረቃ አየህ ወይ ይለዋል። ለጎረቤት ኒካሕ፣ ለጋብቻ ቃል ኪዳን እንኳ ምስክር ሁን ብሎ የጠራው አልነበረም። እሱም ለጁምዓ ይመጣል፣ በሩ አጠገብ ይሰግዳል፣ ከማንም በፊት ወጥቶ ይሄዳል።

ሐጂ ቡሽራ ሸኹን ለማጽናናት፣ ቀዷውን አውጥተን የለም ወይ አሏቸው።

«ለቀኑ አውጥተናል» አሉ ሸኹ። «ለሰውየው አላወጣንም።»

በማግስቱ ሸኽ ጀውሐር ምርኩዛቸውን ይዘው ተራራውን ወጡ። ሦስት ጊዜ ተቀምጠው አረፉ። ሲደርሱ ይመር የከሰል ክምሩን አፈር ሲያለብስ አገኙት፤ ጢሙ ነጭ ሆኗል። እጁን በሽርጡ ጠርጎ ሊሳለማቸው ሲመጣ ቀድመው፣ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አሉት። ለምን እንደመጡ መጠየቅ አላስፈለገውም።

«ሸኼ፣ እኔ አፉ ብያለሁ» አለ ይመር። ድምፁ አልተቆጣም። «ግን እዚህ የሚሰማን ፍየሎቼ ብቻ ናቸው። እኔ የተሳቀብኝ መስጂዱ ግቢ ነው።»

ሰውየው እውነቱን ነው። ሸኹ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ከዳገቱ ይልቅ ከበዳቸው። ደረሶቻቸው ነገሩን ሲሰሙ ተጨነቁ። በሕዝብ ፊት ተሳስቼ ነበር ካሉ ሰው በሌላው ፈትዋዎም ይጠራጠራል፣ ለምን በሽማግሌ አይካስም እያሉ ለመኗቸው። ምን ይደበቃል፣ ምክሩ ለሸኹም ጣፈጣቸው። ዕድሜ ልካቸውን የገነቡት ክብር ነውና። ሁለት ቀን ሙሉ ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ ቆዩ።

የሻዕባን ሃያ ዘጠነኛው ቀን ደረሰ። ከዐስር ሶላት በኋላ ግቢው ሞላ፤ ይመርም እንደ ልማዱ በሩ አጠገብ ነበር። ሸኹ ተነሥተው ቆሙ።

«ጀመዓዎች» አሉ፣ «ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ይመር እውነት መሰከረ፤ እኔ አሾፍኩበት። እናንተ የሳቃችሁት በእኔ ቀልድ ነውና ወንጀሉ ከእኔ ይጀምራል። ዛሬ ጨረቃን የምንፈልገው እሱ ባየበት ቦታ፣ በእሱ ዓይን ነው። እሱ ከፈቀደ።»

ሁሉም ዞሮ ወደ በሩ ተመለከተ። ይመር ጫማውን አደረገና መንገዱን መራ።

ሕዝቡ ተከትሎት ተራራውን ወጣ። ከጫፉ ሲደርሱ ሸኹ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ጭስ የለም። ይመር ያን ቀን ክምሩን አጥፍቶት ነበር። ዘንድሮም ጭስ ነው እንዳይሉኝ ብሎ ይሆናል ብለው አሰቡ።

ፀሐይ ጠለቀች። በአድማሱ ላይ ስስ ደመና ተጋድሟል። ይመር እጁን ከግንባሩ ላይ አድርጎ ቆመ። ሸኹ በልባቸው፣ አየሁ በል፣ አየሁ በል ይሉ ነበር። አንድ ቃል ቢናገር የሠላሳ አንድ ዓመቱ ሐፍረት ይታጠብለታል፤ ከተማው በእሱ ቃል ይጾማል። ከጎናቸው የቆመው ሁሉ የሚመኘው ይህንኑ ነበር። ያን ምሽት አየሁ ቢል አይ የሚለው አልነበረም።

ይመር እጁን አወረደ።

«አላየሁም» አለ።

አንዱ ደግሞ እንዲያይ ለመነው። ደግሞ አየ፤ ብዙ ቆየ። «ያየሁት ደመና ነው። ጨረቃን አላየሁም።»

ሸኽ ጀውሐር እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። «የይመር ቃል ይበቃናል» አሉ። «ሻዕባን ሠላሳ ይሙላ፤ ጾሙ ከነገ ወዲያ ይገባል።» መግሪብን እዚያው ተራራው ላይ ሰገዱ፤ ይመርንም ከመጀመሪያው ሰልፍ፣ ልክ ከኋላቸው አቆሙት። ከዚያም በኋላ ነጋዴዎች ከቆላ ሲመጡ፣ እዚያ ያን ምሽት ጨረቃ ታይቶ ነበር ወይ ብሎ የጠየቃቸው አንድም ሰው አልተገኘም።

ሲወርዱ ሐጂ ቡሽራ ክንዳቸውን ደግፈው፣ አሁን ልብዎ ዐረፈ ወይ ብለው ጠየቋቸው።

«ያቺን መግሪብ አላህ አልመለሰልኝም» አሉ ሸኹ። «ሰውየውን ግን እስክመጣ አቆየልኝ።»

ወገኖቼ፣ እኛም ምን በለወጥን እየተባባልን ስንቆጭ የምንቆጥረው ዓመታትን ነው። ያለፈው ዓመት በር የለውም፤ ብናንኳኳ የሚከፍትልን አናገኝም። ሐጂ ቡሽራ እናታቸውን ከእንግዲህ መካ አይወስዷቸውም፤ ዱዓ ያደርጉላቸዋል እንጂ። ሸኽ ጀውሐር ግን ጸጸታቸው ውስጥ ሲፈልጉ ያገኙት ሰው ነው፣ ያውም በሕይወት ያለ፣ ቤቱ የሚታወቅ ሰው። ይመርም ቢሆን ክብሩን ያገኘው የተመኘነውን በመናገር አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ውሸታም ሲባል የኖረ ሰው፣ የሚያምኑት ሰዎች ሲያገኝ መጀመሪያ የነገራቸው እነሱ መስማት ያልፈለጉትን እውነት ነው።

እስቲ እያንዳንዳችን ተራራው ላይ ማን እንዳለ እናስብ። አላህ ለእሳቸውም ለእሱም ይዘንላቸው፤ እኛንም ጉልበታችን ሳይከዳን፣ የበደልናቸው ሰዎችም በሞት ሳይቀድሙን፣ እነሱ ዘንድ ያድርሰን። አሚን።