በጓሮ በኩል ያለው መስኮት

አንድ ሰው የቤቱን መስኮቶች ሊቀይር አሰበ።

ተራ ነገር ነው። ክረምት አልፎ ኅዳር ሲገባ ሰው ቤቱን ይዞራል፤ ጣራው የት እንዳፈሰሰ፣ ግድግዳው የት እንዳበጠ ያያል። ይህም ሰው ዞረ። ቤቱ ደሴ ነው። አባቱ የሠራው፣ ከሰባ ዓመት በላይ የቆመ የጭቃ ቤት ነው። ስድስት መስኮቶች አሉት። መስኮቶቹ ከነመቃናቸው የዝግባ ናቸው፤ ቤቱ ሲሠራ አብረው የተሠሩ። ግን ዝናቡ ከሥር ከሥራቸው በልቷቸዋል። አንዱ አልዘጋ ይላል፣ አንዱ አልከፈት ይላል፣ አንዱ ንፋስ በመጣ ቁጥር ይንኳኳል።

ሰውየውን ንጋቱ እንበለው። ዕድሜውን በመንገድ ቀያሽነት የጨረሰ ጡረተኛ ነው። ልጆቹ አዳማ ናቸው፤ ሚስቱ ከአራት ዓመት በፊት አርፋለች። «ሁሉንም አስነቅዬ የብረት አስገባና እገላገላለሁ» አለ። አናጢ አስጠራ።

አናጢው ይመር ይባላል። የማይቸኩል ሰው ነው። መስኮቶቹን አንድ በአንድ በመሮ ጫፍ ወጋ ወጋ እያደረገ ካየ በኋላ ጠየቀ።

«ጋሽ ንጋቱ፣ እነዚህን ለምን ይጥሏቸዋል?»

«በስብሰዋላ!»

«የበሰበሰችው ይቺ ናት» አለ ይመር፣ የታችኛዋን አግዳሚ በጣቱ እየነካ። «ውሃ የሚተኛባት። ይቺን ቆርጬ በሌላ ዝግባ እተካታለሁ። የቀረው፣ ወላሂ፣ ከእኔም ከእርስዎም ዕድሜ ይበልጣል። ዛሬ እንዲህ ያለ እንጨት ከየት ይገኛል? ያስረጀው ቀለሙ ነው። በላይ በላዩ ተለቅልቆ ማጠፊያውንም ጠርዙንም አጣብቆታል።»

ንጋቱ ጥቂት ተከራከረ። በኋላ ግን ተሸነፈ። ሥራው ተጀመረ።

ይመር በቀን አንድ መስኮት አውርዶ ግቢው ውስጥ ባጋደመው ሳንቃ ላይ ያስተኛል። ቀለሙን ይፍቃል። ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴ ይወጣል፣ ከአረንጓዴው ሥር ቡናማ፣ ከቡናማው ሥር የማይታወቅ ሌላ። ከሁሉም ሥር እንጨቱ ይወጣል፤ ቀይ፣ ጤነኛ፣ ገና ሽታው ያለ። የበሰበሰውን በመጋዝ ይቆርጣል፤ አዲሱን ዝግባ ልክ በልኩ አድርጎ በኮላ ይገጥማል፤ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሶ ዘይት ያጠጣዋል። አምስት ቀን፣ አምስት መስኮት።

በስድስተኛው ቀን ንጋቱ፣ «ይኸኛው ይቅር» አለው።

«የቱ?»

«በጓሮ በኩል ያለው። የእናቴ ክፍል የነበረው። እሱ አይከፈትም። ከውጭ ተቸንክሯል።»

«ማን ቸነከረው?»

«እኅቴ» አለ ንጋቱ።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ እንመለስ፤ ምእመናን፣ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና።

ንጋቱ አንዲት ታናሽ እኅት አለችው፤ የሺመቤት ትባላለች። የምትኖረው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከትልቁ ቤት በስተጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። በመካከላቸው የቆርቆሮ አጥር አለ። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ደጅ የእሷ ነው፤ የእናቱ ክፍል መስኮትም የሚያየው የእሷን ደጅ ነው። ብትቆጥሩት አሥር እርምጃ አይሞላም። በዚህ አሥር እርምጃ ውስጥ ወንድምና እኅት አሥራ ዘጠኝ ዓመት «እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደርሽ» ሳይባባሉ ኖረዋል።

ምን ነበር ጠባቸው? መሬት ነው? አይደለም። ውርስ ነው? እሱም አይደለም፤ እናታቸው በቁሟ አካፍላቸዋለች። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት እናታቸው በጠና ስትታመም ንጋቱ ጎዴ ነበረ፣ በረሃ ውስጥ መንገድ እየቀየሰ። የሞቷ ወሬ ደርሶት ደሴ ሲገባ ከተቀበረች አምስተኛ ቀኗ ነበር። የእናቱን ፊት አላየም። አፈር አላለበሰም። ድንኳኑ ውስጥ በሰው ፊት እኅቱን፣ «እኔን ሳታስጠሪ ቀበርሻት!» አላት። እሷ፣ «ልኬብሃለሁ፣ ሁለት ሰው ልኬብሃለሁ» አለች። «ውሸታም!» አላት።

በዚያው ዓመት ሥራውን ወደ ደሴ አዛወረና ከሚስቱ ጋር ትልቁ ቤት ገባ። አንድ ቀን ጠዋት የእናቱን ክፍል ላናፍስ ብሎ መስኮቱን ገፋ። መስኮቱ አልተንቀሳቀሰም። በትከሻው ገፋው፤ እንቢ አለ። ያኔ ነገሩ ሁሉ የገባው መሰለው። «ዓይኔን እንዳታይ ብላ ከውጭ ቸንክራብኛለች!» አለ።

ልብ በሉ፤ ዞሮ አላየም። ዞሮ ለማየት በእሷ ደጅ ማለፍ ነበረበት። በእሷ ደጅ ከማለፍ መፍረድ ቀለለው።

ከዚያ በኋላ ይህን መስኮት ለስንቱ አወራው! ሽማግሌ ሲመጣ፣ «መስኮት ከቸነከረችብኝ ጋር ነው የምታስታርቁኝ?» ይላል። ሚስቱ ስትለምነው፣ «መስኮቱን እዪ» ይላታል። የንስሐ አባቱ ሲመክሩት አንገቱን ይደፋል፤ እቤቱ ሲገባ ግን መስኮቱ እዚያው አለ። በየፋሲካው ቤቱን ቀለም ሲያስቀባ በተዘጋው ላይ ሌላ ቀለም ይደርብበታል። አሥራ ዘጠኝ ፋሲካ።

እንግዲህ ይመር ይህን ሁሉ አያውቅም። አናጢ ነው፤ የሚያውቀው እንጨት ነው። «ልየው ብቻ» ብሎ ጉጠቱን ይዞ፣ በአጥሩ በር በኩል አስፈቅዶ ወደ የሺመቤት ደጅ አለፈ። ንጋቱ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ በእንጨቱ ማዶ የይመርን ድምፅ ይሰማል።

«ጋሽ ንጋቱ!»

«አቤት!»

«እዚህ ምስማር የለም።»

«ደህና አድርገህ እይ እንጂ! ቀለሙን ፋቅ አድርገው።»

ጥቂት የመፋቅ ድምፅ ተሰማ። «ፋቅሁት። አንድም የለም። ከውጭ ማንም አልነካውም።»

ይመር ተመልሶ ገባና በውስጥ በኩል በጠርዙ ዙሪያ መፋቅ ጀመረ። ሰማያዊው ተነሣ፣ ክሬሙ ተነሣ፤ ከዚያ በታች በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ ጨርቅ መጣ። ጨርቁን ሲላጠው የምስማር ራስ ብቅ አለ። ሌላ ራስ። ሌላም። ዘጠኝ ምስማር። ሁሉም የተመቱት ከውስጥ ነው። ግማሾቹ ተጣመዋል፤ መዶሻ በማያውቅ እጅ የተመቱ ናቸው። በጉጠት አንድ በአንድ ነቀላቸው። መስኮቱ ሲላቀቅ፣ በመቃኑና በመዝጊያው መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ከአሮጌ ብርድ ልብስ እየተቀደደ የተጠቀለለ፣ እንዳይፈታ በመርፌ የተሰፋ ጨርቅ ዙሪያውን ተጠቅጥቆ ተገኘ።

ይመር ጨርቁን እያገላበጠ አየው። «ጋሽ ንጋቱ፣ ይሄ የብርድ መከላከያ ነው። ለመዝጋት ብቻ የሚቸነክር ሰው እንዲህ አይለፋም። እዚህ ክፍል የታመመ ሰው ተኝቶ ነበር?»

ንጋቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

በዚያች ክፍል የታመመች አንዲት ሴት ነበረች። ያስታመማትም አንድ ሰው ነው። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

እሷ ናት የቸነከረችው፤ በዚህ አልተሳሳተም። ምስማሩ እውነት ነበረ። መዘጋቱም እውነት ነበረ። የተሳሳተው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለምን እንደ ተመታ።

ሰውየው በዚያች ሰዓት ሮጦ ሄዶ እግሯ ላይ ወደቀ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አልሄደም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቆለፈ ሰው በአንድ ጠዋት አይከፈትም። ይመር መስኮቱን አውርዶ ለጥገና ወሰደው፤ በግድግዳው ላይ ባዶ ቀዳዳ ቀረ። አንድ ቀን ሙሉ ንጋቱ በዚያ ክፍል በር በኩል እንኳ አላለፈም። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ገባ። በቀዳዳው ሲያይ እኅቱ ደጇ ላይ ጀሪካን ይዛ ቆማለች። ፀጉሯ ሸብቷል። መሸበቷን አያውቅም ነበር።

«የሺ» አለ።

ጀሪካኑን አስቀመጠች። «አቤት፣ ወንድም ጋሼ።»

ሳታስበው ነው ያመለጣት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠራው እንደዚያ ነበር።

«ይህን መስኮት አንቺ ነሽ የቸነከርሽው?»

«እኔ ነኝ። የእማዬ ሳል ሲጠና። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ በዚህ ክፍተት ገብቶ አልጋዋ ላይ ነበር የሚያርፍ። መቃኑ ተላቅቆ ነበር፣ ክረምት ነው፣ አናጢ አጣሁ። በድንጋይ ነው የመታሁት። ጣቴንም መታሁት» አለችና የግራ አውራ ጣቷን ሳታውቀው ዳሰሰች። «ሲሻላት ልነቅለው ነበር። አልተሻላትም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምኑን?»

«ምስማሩን!»

የሺመቤት ግራ ገብቷት አየችው። «ያላየኸው መቼ መሰለኝ? በቤትህ ውስጥ ያለ ምስማር! እኔ እኮ አንተ እኔን ላለማየት አልነቅልም ብለህ የተውከው ነው የመሰለኝ። በየፋሲካው ቀለም ሲሸተኝ፣ 'ዘንድሮም ደረበበት' እል ነበር።»

ወገኖቼ፣ አያችሁ? አንድ መስኮት ነው። እሱ ከውስጥ ሆኖ «ዘጋችብኝ» ይላል፤ እሷ ከውጭ ሆና «ዘጋብኝ» ትላለች። ሁለቱም ያዘኑት እውነተኛ ሐዘን ነው። የዘጋው ግን ማንም የለም። ለእናታቸው ብርድ የተመታ ምስማር ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን፤ ምስማር ተነቀለ፣ እውነት ወጣ፣ ተሳሳሙ ብለን በሄድን። ግን አላበቃም። ንጋቱ አንድ የቀረው ጥያቄ ነበረው፤ ከመስኮቱም የከበደ።

«ስትሞትስ?» አላት። «ለምን አላስጠራሽኝም?»

«ልኬ ነበር፤ ሁለት ሰው። አንዱ መንገድ ላይ ታሞ ቀረ። ሁለተኛው ጎዴ ሲደርስ አንተ በረሃ ወርደህ ነበር። ያኔም ድንኳኑ ውስጥ ነግሬሃለሁ።»

እንግዲህ ለዚህኛው ምን ምስክር አለ? የታመመው መልእክተኛ ሞቷል። ሁለተኛው የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ለዚህ የሚፋቅ ቀለም የለም፤ ይመር በጉጠት ነቅሎ የሚያሳየው ነገር የለም። ያለው የአንዲት ሴት ቃል ብቻ ነው፤ ያው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የተናገረችው፣ ቃሏ ሳይለወጥ።

ንጋቱ ግን፣ «አምኜሻለሁ» አላት። ቀጥሎም፣ «ያን ቀን በሰው ፊት ስለ ተናገርኩሽ ይቅር በይኝ» አላት።

የሺመቤት ወዲያው «ይቅር» አላለችውም። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው እኮ» አለችው። ጀሪካኗን አንሥታ ቤቷ ገባች። ይቅርታውን ያመጣችው በማግስቱ ነው፤ በአጥሩ በር ገብታ፣ በእግሯ መጥታ። እስከዚያ ድረስ ሰውየው ጠበቀ። መጠበቅም የእሱ ድርሻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ አብረው ኖሩ? ሁለት ዓመት ከአራት ወር። የሺመቤት አረፈች። የመጨረሻ ሕመሟን ያስታመማት ወንድሟ ነው፤ አፈርም አልብሷታል። ደስ ይላል፤ ግን ሒሳቡን አትርሱት። ከአሥራ ዘጠኙ ዓመት ላይ የተመለሰላቸው የለም። ያገኙት ከፊታቸው የቀረውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ከእናንተ መካከል ከወንድሙ ጋር የማይነጋገር የለም? ከአማቷ ጋር፣ ከጎረቤቷ ጋር የተዘጋጋች የለችም? አለ። ታውቁታላችሁ፤ እኔም አውቀዋለሁ። እያንዳንዳችሁም ማስረጃ አላችሁ። «ለቅሶዬ ላይ አልመጣም።» «ስጠራው ፊቱን አዞረ።» «ልጄን ስድር ቀረች።» እሺ፣ አልመጣም። ፊቱን አዞረ። ቀረች። ይህ ሁሉ እውነት ይሁን። ለምን እንደ ሆነ ግን ማን ነገራችሁ? ጠይቃችኋል? ወይስ ምክንያቱን ራሳችሁ ሠርታችሁ፣ ራሳችሁ አምናችሁ፣ በየዓመቱ ቀለም እየቀባችሁ አሳመራችሁት?

«አባታችን፣ እውነቱ ሲወጣ እታረቃለሁ» የምትሉኝ አላችሁ። ለንጋቱ ግማሹ እውነት ወጣለት፤ ግማሹ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም። ያልወጣውን በእምነት ሞላው። እናንተ እውነቱ ሁሉ እስኪወጣ ልትጠብቁ ነው? እግዚአብሔር እናንተን ሲምር ማስረጃችሁን አስቀርቦ ነው? በየማለዳው «ማረን» ስትሉት «መጀመሪያ ምስክር ቁጠሩ» ብሏችኋል?

ጾሙ ሊገባ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ሥጋውን ለመተው ተዘጋጅታችኋል፤ ወተቱንም። መልካም። ግን ዛሬ ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ስትወጡ፣ ገና በሕይወት ያለ፣ ገና ልትጠይቁት የምትችሉት አንድ ሰው አለ። ወደ ቤታችሁ ሳትገቡ ወደ እሱ ሂዱ። «ያን ጊዜ ለምን?» በሉት። ሲመልስላችሁም አታቋርጡት።

ከዚያም እመኑት።