ኳስ የዋጠው በረኛ

አንድ ጊዜ፣ አውሬ ሁሉ ሥራውን ትቶ ኳስ በሚያሳድድበት ዘመን፣ የዱር ዋንጫ የሚባል ውድድር ነበር። የሚጫወቱት ነብሮች፣ ጎሾች፣ ዝንጀሮዎችና ሚዳቋዎች ብቻ ሲሆኑ ዋንጫውን ሁልጊዜ ነብሮች ይወስዱታል። ዳኛው አያ አንበሶ ነው። ቀይ ካርድ ይዞ አያውቅም፤ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ካሳየ ይበቃል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን አፉን የሚከፍተው ጨዋታው ሰልችቶት ለማዛጋት ነው።

የግቡን እንጨት ከጫካ ተሸክማ የምታመጣው እመት አህያ ነበረች። እንጨቱን ታወርድና ዳር ቆማ ታያለች፤ ቤቷ ስትመለስ በኋላ እግሯ ድንጋይ እየለጋች ትለማመዳለች። በየዓመቱ ቡድኔን አስገቡልኝ ብላ ትለምናለች፣ በየዓመቱ ይስቁባታል።

የውድድሩ ሊቀመንበር ቀበሮ ነው። ምርጫ ሲደርስበትና ድምፅ ሲያንሰው በድንገት ለተናቁት አዘነ።

«አራት እግር ያለው ሁሉ ይግባ» አለ። «ሁለት እግር ያለውም ቢመርጠኝ ቅር አይለኝም።»

የነብሮቹ አለቃ ነብር ተቆጣ። ይህ ውድድር ነው ወይስ ገበያ፣ ደረጃው ይወርዳል ብሎ አያ አንበሶ ዘንድ ከሰሰ። ቢከራከሩ ቢከራከሩ አልስማማ ስላሉ፣ አዲስ ገቢዎች በአንድ ጨዋታ እንዲፈተኑ ተወሰነ። ውድድሩን ካዋረዱ በሩ ተዘግቶ ይቅር፣ ጥያቄውም ዳግመኛ አይነሳ ተባለ። ቀበሮም ሳያስብ አህዮችን እንደ እነሱ አዲስ ከገቡት ጅቦች ጋር መደባቸው።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ፣ ተከላካይ የነበረው የእመት አህያ ባል ወሬውን እንደሰማ ጉልበቴን አሞኛል ብሎ ተኛ። እሷ ግን ጆሮዋን ጥላ ቀበሮ ዘንድ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ከጅብ ጋር ልንጫወት ነው ወይስ ለጅብ ልንቀርብ?»

«አይዞሽ፣ ተጫዋች መብላት በሕጉ ክልክል ነው» አላት።

ሕጉን ለጅብ ያነበበለት ይኑር አይኑር ግን አልነገራትም። እመት አህያ በጣም ፈርታለች። ብትቀር ግን ድሮስ አህያ ምን ታውቃለች ሊባል ነው፤ ለልጆቿም በሩ ሊዘጋ ነው። ስለዚህ እየፈራች ወደ ሜዳ ገባች።

የጅቦች በረኛ አያ ጅቦ ሲመዘገብ የጠየቀው ኳሱ ከምን እንደተሠራ ብቻ ነበር። ከበሬ ቆዳ ነው ሲሉት ወዲያው ፈረመ። ይህን የሰማው ቀበሮ እንዴት ያለ ኳስ ወዳድ ነው ብሎ አደነቀው። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ማለቱን የሰማ ሁሉ ነገሩን በገመተ ነበር።

አያ አንበሶ ተጫዋች የነከሰ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው ብሎ ጨዋታውን አስጀመረ። እመት አህያ ዞራ ኳሱን በኋላ እግሯ ለጋችው። እንዲህ ያለ ምት በዚያ ሜዳ ታይቶ አያውቅም። አያ ጅቦ እጁን እንኳ አላነሳም፤ አፉን ከፍቶ ኳሱን ዋጠው።



«አላልኳችሁም?» አለ ነብር። «ይኸው፣ መጫወቻችንን በሉት።»

አያ አንበሶ ወደ በረኛው ቀረብ ብሎ ኳሱ የት እንዳለ ጠየቀው።

«የምን ኳስ?» አለ አያ ጅቦ ከንፈሩን እየላሰ። ሆዱ ግን ክብ ሆኗል።

አያ አንበሶ ጢሙን አሻሸ። «ኳሱ ከሜዳ አልወጣም፤ እኔም ፊሽካ አልነፋሁም። ጨዋታው ይቀጥላል» አለ።

ይህን የሰማችው እመት አህያ ጊዜ አላጠፋችም። ኋላዋን ለአያ ጅቦ ሰጠችና ባላት ጉልበት ሁሉ ሆዱን ለጋችው። እሱ ከነኳሱ መስመሩን አልፎ መረቡ ውስጥ ተጠቀለለ።

«ጎል» አለ አያ አንበሶ።

ነብር ይህ በየትኛው ሕግ ነው ብሎ ጮኸ። ቀበሮ ግን ቀድሞ ማጨብጨብ ጀምሯል። አያ አንበሶ ሁለቱንም ዝም አሰኛቸው።

«ነብር፣ በአንተ ጨዋታ ስንት ዓመት ሙሉ አዛጋሁ፤ ዛሬ ግን አላዛጋሁም። አህያ ትቆይ፣ ጅብ ይውጣ። አንተ ቀበሮ ደግሞ በሩን ከፍተህ ማን እንደገባ አላየህም። ከእንግዲህ የግቡን እንጨት የምትሸከመው አንተ ነህ።»

ያን ጊዜ የእመት አህያ ባል ጉልበቱ ድኖለት እየሮጠ መጣና «አሸነፍን» አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ በር ማስፋት ደረጃን እንደማያወርድ፣ የሚያወርደው ግን ገቢው ለጨዋታው ይምጣ ለቆዳው ሳይጠይቁ፣ ድምፅ ለመልቀም ሲሉ በሩን መክፈት እንደሆነ ነው።