ጥልቁ ኩሬ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት አትበሉኝ፤ የዛሬው ተረት የኩሬ ነው።

ድሮ አውሬዎች ሁሉ የሚጠጡባት አንዲት ትንሽ ኩሬ ነበረች። ማን መቼ እንደሚጠጣ የሚወስኑት ዳሯ ላይ ካለው ዋርካ ሥር ተሰብስበው ነው፤ እመት ጥንቸል እንኳ ሳትቀር ትናገር ነበር። አንድ ቀን አያ ዝሆን ስብሰባው ሰለቸው።

«እናንተ ስታወሩ ኩሬዋ ልትደርቅ ነው። ለእኔ ተዉልኝ፤ ቆፍሬ ውሃ በውሃ አደርጋችኋለሁ» አላቸው።

ሁሉም እሺ አሉ። ጥንቸልም እሺ አለች።

ዝሆን ቃሉን ጠበቀ። ዋርካውን ሳይቀር ነቅሎ ቆፈረ፤ ኩሬዋም ሐይቅ አከለች። ነገር ግን በጠለቀች ቁጥር ዳሯ ገደል እየሆነ ሄደ፤ ለመጠጣት ኩምቢ ወይም ረጅም አንገት ያስፈልግ ጀመር።

በጋ ሲገባ ጥንቸል የሚያለቅስ ልጇን አዝላ መጣች። «አያ ዝሆን፣ ውሃው ጋ መድረስ አቃተን» አለችው።

«ይህን የሚያህል ውሃ በዕድሜሽ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

«አላውቅም» አለች። እውነቷን ነበር።

ከዚያ እንደ ልማዷ ልትናገር ወደ ዋርካው ዞረች። ዋርካው የነበረበት ቦታ ላይ ውሃው ፀሐይ መትቶት ያብለጨልጫል። ልጇ ጀርባዋ ላይ ማልቀሱን ትቷል።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ ማበሱ ይቅርና አንድ ጉንጭ ውሃ ስጡኝ።