እንግዳ ቢመጣስ?

አንድ ጊዜ አያ አንበሶና ሚስቱ እመት አንበሲት ባለጎማ ቤት ነበራቸው። ቤት ስላችሁ ጎጆ እንዳይመስላችሁ። ሳሎን አለው፤ የልጆች ክፍል አለው፤ አያ አንበሶ ጎፈሩን የሚያበጥርበት ለብቻው ክፍል አለው፤ ከሁሉም ኋላ ደግሞ የራሱ በር ያለው የእንግዳ ክፍል አለው። ሣሩ ሲደርቅ ቤታቸውን ይዘው ወደ ደጋ ይወጣሉ፤ ብርዱ ሲጠና ወደ ቆላ ይወርዳሉ። ኑሯቸው እንዲህ ነበር።

ቤቱን መጀመሪያ የሚጎትቱት በሬዎችና አንዲት አህያ ነበሩ። አንበሳ ቤት የተቀጠረ በሬ ግን ጡረታ አይወጣም። በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ጎታች ይጎድላል። አያ አንበሶም ከንፈሩን እየላሰ «ድሮም ያመው ነበር» ይላል። እንዲህ እንዲህ ሲል አህዪት ብቻ ቀረች። እሷም የቀረችው ተወዳ አይደለም፤ አጥንቷ ከሥጋዋ ስለሚበልጥ ነው። ልጆቹም አደጉና በየጫካቸው ገቡ። ጎታቹ ቀነሰ፣ ኗሪው ቀነሰ፣ ቤቱ ግን እንዳለ ነው።

ሜዳው ላይ አህዪት እየተንፏቀቀችም ቢሆን ትጎትተዋለች። አሁን ግን ሣሩ ደርቋል፣ ወደ ደጋ መውጫው ደርሷል። የአቀበቱ ስም ደግሞ «አህያ ፈጅ» ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ቀልድ አያውቁም ነበር።

«ጌታዬ፣» አለች አህዪት፣ «ይሄን ቤት ይዤ አህያ ፈጅን ብጀምረው አቀበቱ ስሙን ያድሳል እንጂ እኔስ አልደርስም።»

«ስንፍና ነው» አለ አያ አንበሶ።

«ከዚህ በፊትም ተናግሬያለሁ። ፀሐይ ስትወጣ ይከብደኛል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይቀለኛል።»

«ቤት ከፀሐይ ጋር አይወፍርም።»

እመት አንበሲት ጣልቃ ገባች። «እኔም እኮ ቀን ቀን ከወደ ኋላ የሚያንኮራፋ ነገር እሰማለሁ።»

«ቤት ሲያረጅ ያንኮራፋል።»

«ይሸታልም።»

«የእንግዳ ክፍሉ ቁርበት ነው። ተዘግቶ ስለከረመ ነው።»

«እሺ ይሁንልህ» አለች እመት አንበሲት። «እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። አህዪት አቀበቱ ላይ ከወደቀች ቀጣዩ ጎታች ማን እንደሆነ አውቃለሁ።» ይህን ብላ የባሏን ትከሻ ከዳር እስከ ዳር በዓይኗ ለካች።

አያ አንበሶ ትንሽ አሰበ። ከዚያ «ትንሽ ቤት እንፈልግ» ያለው እሱ ራሱ ነው፤ ሐሳቡም የራሱ እንደሆነ ለሁሉም ተናገረ።

ከአቀበቱ ሥር እመት ቀበሮ ባለጎማ ቤት የምትሸጥበትና የምትለውጥበት ግቢ ነበራት። የማትሸጠው ነገር ቢኖር ጅራቷን ነው፤ እሱንም ቢሆን ገበያ አውጥታ ሳትሞክር አልቀረችም። ጎህ ሳይቀድ የተነሱት አንበሶች ፀሐይ ሞቅ ሲል ግቢው ደረሱ። አህዪት ገና ከመቆሟ ከቤቱ ጀርባ አያ ጅቦ እያዛጋ ብቅ አለ።

«አንተ ደግሞ ከየት ተገኘህ?» አለው አያ አንበሶ።

«ከኋላችሁ ነበርኩ ጌታዬ። ቤት ልትለውጡ ነው ሲባል ሰማሁና ላማክር ብዬ ነው። ድለላ ጀምሬያለሁ።»

«ጫንቃዬን ቀለል አለኝ» አለች አህዪት ለራሷ። አንበሶቹ አልሰሟትም። እመት ቀበሮ ግን ጆሮዋ ትልቅ ነው፤ ሰማች። ጅብ ከንፈር ላይ የተጣበቀውንም የቁርበት ፀጉር አየች። አየችና በልቧ ያዘችው።

«ለእናንተ የሚሆነው ይሄ ነው» ብላ አንዲት ትንሽ ባለሁለት ጎማ ቤት አሳየቻቸው። «አልጋው ቀን ቀን ታጥፎ ወንበር ይሆናል። ጠረጴዛው ከግድግዳ ላይ ይወርዳል። ድስቱ ከወንበሩ ሥር ነው፤ ተቀምጠሽ እጅሽን ብትሰጂ ሁሉ ነገር ይደርስልሻል።»

እመት አንበሲት ገብታ ተጋደመች፤ ዞረች፤ እጇን ሰዳ ድስቱን ነካች። «ስንጣላስ?» አለች ከውስጥ።

«አንዳችሁ ውጭ ትወጣላችሁ። ውጭው ሰፊ ነው።»

«ይሄማ የኤሊ ቤት ነው» አለ አያ አንበሶ። «ጎፈሬ ብቻውን ይሞላዋል።»

«ጎፈርህ እንደሆነ በየዓመቱ እየሳሳ ነው። ይበቃዋል» አለች ሚስቱ።

አያ አንበሶ ጎፈሩን በእጁ ዳበስ አደረገ። ሊስማማ ምንም አልቀረውም ነበር። ይሄኔ አያ ጅቦ ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዳ ቢመጣስ?» አለ።

ይህቺ ቃል ቀላል አይደለችም። እኛም ዘንድ «እንግዳ ቢመጣስ» ከተባለ የማይሸነፍ የለም። ለእንግዳ ተብሎ የተቀመጠ ብርጭቆ ቁም ሳጥን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ፣ ባለቤቱ በጣሳ ይጠጣል። አያ አንበሶም ደነገጠ።

«እውነት እኮ ነው» አለ። «እንግዳ ቢመጣስ?»

«ለመሆኑ መጨረሻ የመጣው እንግዳ ማን ነበር?» አለች ሚስቱ።

ብዙ አሰበ። «ከርከሮ መጥቶ አልነበረም?»

«እሱ እንግዳ አልነበረም፤ እራት ነበር።»

«ዛሬ ባይመጣ ነገ ይመጣል» አለ ጅብ። «የአንበሳ እንግዳ ውጭ ሊያድር ነው? አገር ምን ይላል? እንዲያውም ጌታዬ፣ ለእርስዎ የሚመጥነው ያ ነው።» የጠቆመው ከግቢው ጥግ የቆመውን ባለፎቅ ቤት ነው። ላይም የእንግዳ ክፍል አለው፣ ታችም የእንግዳ ክፍል አለው።

አያ አንበሶ ቀና ብሎ ፎቁን አየ። አየና ደረቱን ነፋ። «ጅብ ነው እንጂ ሞኝ አይደለም። ያንን እወስዳለሁ።»

አህዪት ፎቁን አየች፤ ከግቢው በላይ የተጋደመውን አህያ ፈጅን አየች። ቀድማ የተናገረችው አልተሰማላትም።

እመት ቀበሮ ደግሞ ሌላ ስሌት ይዛለች። ፎቁን ብትሸጥለት አህዪት አቀበቱ ላይ ትሞታለች። አህዪት ከሞተች አንበሳ ጎታች ፍለጋ ተመልሶ እዚሁ ግቢ ይመጣል። ግቢው ውስጥ ደግሞ አራት እግር ያላት እሷ ብቻ ናት። ይህን አስባ ለአህዪት በጣም አዘነች።

«አያ ጅቦ ልክ ብሏል» አለች። «እንግዳ ክቡር ነው። እንግዲያው አዋቂ አለና እንጠይቀው። የአሮጌው የእንግዳ ክፍል ምን ጎደለው? ንገረንና በአዲሱ እናሟላለን።»

ጅብን ሐሳቡን የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። ደስ አለው። ተደላድሎ ተቀመጠና እግሩን አነባበረ።

«አንደኛ በሩ ነው» አለ። «ሲከፈት ይጮኻል። እንግዳ ማለት ደግሞ ኮሽ ሳይል ነው መግባት ያለበት። በግራ በኩል ንፋስ ያስገባል፤ ወገብ ይይዛል። መንገዱ ሲያንገጫግጭ ጭንቅላት ከጣሪያ ይጋጫል። ይቺም አህያ ብትሆን ቀስ በይ የሚላት የለም፤ ሰው እንደተኛ አታውቅም።»

አህዪት ሁለቱን ጆሮዎቿን ወደ እሱ አዞረች።

«ቁርበቱስ ይመቻል?» አለች ቀበሮ፣ ድምጿን እንደ አስታማሚ ዝቅ አድርጋ።

«ቁርበቱንማ ተይው እቴ። መጀመሪያ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይደርስ ነበር። አሁን ትራስ እንኳ አይወጣውም። በዚህ ከቀጠለ ለከርሞ ምን እበላለሁ?»

«ምን አልክ?»

«ምን ላይ እተኛለሁ ማለቴ ነው።»

ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይሄኛው የሚያውቁት ቤት ገብቶ፣ አንጥፉልኝም ሳይል፣ የተነጠፈውን ከዳር ጀምሮ እየቆረጠመ ነበር።

አያ አንበሶ ቀስ ብሎ ወደ ጅብ ተጠጋ። «ያንን ክፍል ልጆቼ ከሄዱ ወዲህ እኔ እንኳ ገብቼበት አላውቅም። አንተ ለመሆኑ ስንት ጊዜ ነው ከጣሪያው የተጋጨኸው?»

ጅብ ከልቡ ሊቆጥር ሞከረ። «የዛሬውን ጨምሮ?»

አያ አንበሶ መዳፉን አነሳ። እመት አንበሲት ከትንሿ ቤት አንገቷን አውጥታ «ተው» አለችው። «ይህችን በምታህል ቤት ካንተ ጋር ልኖር ነው። ጅብ በልተህ አትገባም።»

አያ አንበሶ መዳፉን መለሰ። በቤቲቱም በዚያው ተስማማ፤ መስማማቱን ያወቀው ግን ዘግይቶ ነው።

«አሮጌው ቤት እዚህ ቢቀር ግቢዬን ይዘጋብኛል» አለች ቀበሮ። «ጅብ ወዶታልና እሱው ይውሰደው።»

«ሁሉንም ክፍል?» አለ ጅብ።

«ሁሉንም።»

«የሚጎተትበትንም ጠፍር?»

«ጠፍሩንም።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። ማን እንደሚጎትተው ግን አልጠየቀም። ተኝቶ ሲጎተት የኖረ ይህን አይጠይቅም።

አህዪት ትንሿን ቤት ይዛ አህያ ፈጅን ጀመረችው። እመት አንበሲት ወርዳ በእግሯ ትሄዳለች፤ ባሏንም አውርዳዋለች። እሱ ሲወርድ ጅራቱ በሩ ውስጥ ተቀርቅሮ ትንሽ ጮኸ፤ ይሄንን ማንም እንዳያወራ ተብሏል። አቀበቱ እኩሌታው ላይ ሲደርሱ አህዪት ድንገት ቆመችና ወደ ኋላ ዞራ አየች።

«ምነው?» አላት አያ አንበሶ።

«ቤቱ ተበጥሶ የቀረ መስሎኝ ነው።»

አያ አንበሶ መሬት መሬት አየ። አንበሳ ይቅርታ መጠየቅ አልለመደበትም። ጀርባውን ሊያክ የተጠጋ መስሎ ትከሻውን ከቤቲቱ ኋላ አሳረፈና ገፋ። ሲያክ ሲያክ ጫፍ ደረሱ።

ከዚያ ላይ ሆነው ቁልቁል ቢያዩ አሮጌው ቤት ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። አያ ጅቦ ቤት አገኘ የሚለው ወሬ አገሩን አዳርሶ ነበርና እንግዳ መጥቷል። አጎቱ ሳሎኑን ይዟል፤ አክስቱ ከነልጆቿ የልጆቹን ክፍል ይዛለች፤ የአክስቱ ባል ወንድም ጎፈር የሚበጠርበት ክፍል ውስጥ እግሩን ዘርግቷል። ጠፍሩን በልተው ጨርሰው ወደ በሩ ማጠፊያ ተሻግረዋል።

«ለኔስ የቱ ክፍል ነው የቀረኝ?» ይላል ጅብ ደጅ ቆሞ።

«አንተማ ባለቤት ነህ» አለው አጎቱ አፉ እንደሞላ። «ባለቤት ለእንግዳው ይለቃል።»

አህዪት ይህን ሰማች። ሥጋ የላትም እንጂ ሳቅ አላት፤ ተራራው እስኪመልስላት ሳቀች።

ከዚህ የምንማረው፣ ለማይመጣ እንግዳ ብለን ያቆምነው ክፍል ባዶውን እንደማይቀርና፣ ማን እንደገባበትም ከባለቤቱ ዓይን ይልቅ የጎታቹ ጫንቃ ቀድሞ እንደሚያውቅ ነው።