ሁሉም ጠፍቶ የቆጠረው ቆጣሪ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ በየቤታቸው መብራት ባስገቡበት ዘመን፣ እመት አህዪት የምትባል አህያ በአንድ የጅረት ዳር መንደር ትኖር ነበር። የግድግዳ ጎረቤቷ ማን እንደነበር ልንገራችሁ? አያ ጅቦ! እኔም መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም። ግን እውነት ነው። አንበሳ በመንደሩ ውስጥ ማንም ጎረቤቱን እንዳይበላ ሁሉንም አስምሎ ስለነበር፣ አህያና ጅብ ግድግዳ ተጋርተው ይኖሩ ነበር። ጅቡም ሲገባ ሲወጣ «እንደምን አደርሽ፣ እንደምን ዋልሽ» ይላት ነበር። ዓይኑ ግን ሰላምታ ሲሰጣት ከፊቷ ላይ ሳይሆን ከታፋዋ ላይ ነበር የሚያርፈው።

እመት አህዪት እርጉዝ ነበረች። ልትወልድ የቀራት ሦስት ሳምንት ያህል ነው። ቤቷ ውስጥ ያላት አንድ አምፖልና አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ብቻ ነበር፤ እነሱም ይበቋት ነበር። ታዲያ ከአራት ወር ወዲህ መብራቷ ክፉ አመል አወጣ። አምፖሉ ቀልቶ ይደክማል። ጠዋት የጣደችው የገብስ ንፍሮ እስከ ቀትር አይፈላም። ቤቱም አይሞቅም። «ውርንጭላዬ በብርድ ሊወለድብኝ ነው» እያለች መጨነቅ ጀመረች።

በዚህ መካከል አዲስ ወሬ መጣ። ስማርት ቆጣሪ የሚባል ነገር በየቤቱ ሊገጠም ነው ተባለ። የፈለገ ያስገጥማል፤ ያልፈለገ አልፈልግም ብሎ ይፈርማል። ገጣሚዎቹ የሚቆዩት እስከ ነገ ብቻ ነው።

እመት አህዪት ቸኮለች። ብቻዋን መወሰን ስላቃታት፣ ዋርካው ሥር ተቀምጦ ለመንደርተኛው ማመልከቻ ወደሚጽፈው ወደ ቀበሮ ሄደች።

«ጋሼ ቀበሮ፣ ያንን አዲሱን ቆጣሪ ባስገጥም ይሻለኛል ወይስ ይቅርብኝ?»

የቀበሮ ብዕር ከእጁ ወደቀ።

«ምን አልሽ? አብደሻል እንዴ?» አለ መነጽሩን አውልቆ። «ቆጣሪ መስሎሻል? ዓይን ነው! ምድጃሽን ስትለኩሺ ያውቃል። ስታጠፊ ያውቃል። ቤት መኖርሽን፣ መውጣትሽን፣ መተኛትሽን ያውቃል። ዝም ብሎ ቢያውቅ ደግሞ ምንም አልነበረም። ማንም መጥቶ ሳያነበው ራሱ ወሬውን በአየር ይልካል!»

«በአየር?» አለች እመት አህዪት ጆሮዎቿ ቀጥ ብለው። «ለማን?»

«እሱን ማን ያውቃል! አንቺ አንበሳ አይደለሽም፤ አህያ ነሽ። አህያ ስንት ሰዓት እንደምትተኛ ማወቅ የሚፈልግ ስንት መንጋጋ እንዳለ አስበሽ ታውቂያለሽ?»

እመት አህዪት አላሰበችም ነበር። አሁን ስታስበው ፈራች። ፍርሃቷም ሞኝነት አይደለም፤ መተኛቷን የሚያወራባት ዕቃ ቤቷ ውስጥ ሲሰቀል ዝም የሚል እርጉዝ አህያ የት አለ? ቀበሮም ጊዜ አላጠፋም። «እኔ እመት አህዪት አዲሱን ቆጣሪ የማልፈልግ መሆኔን በሙሉ ጤንነቴ አረጋግጣለሁ» ብሎ ጻፈ። እሷም ኮቴዋን ቀለም ነክራ አተመችበት።

«አምጪው፣ እኔው ራሴ እሰጥልሻለሁ» አለ ቀበሮ።

«ግድ የለም፣ እኔ እሰጣለሁ።»

«አንቺ እርጉዝ ነሽ፤ ምን አደከመሽ? አምጪው እንጂ!»

«አይ፣ ይተዉት ጋሼ፤ ነገ ቤቴ ድረስ ይመጣሉ።»

ቀበሮ ወረቀቱን በአንድ ጫፍ ይዞ ትንሽ ጎተተ። እሷም በሌላው ጫፍ ጎተተች። ኋላ ለቀቀላት።

መንገድ ላይ ግን አንድ ነገር ከነከናት። የጋሼ ቀበሮ ጉድጓድ እኮ መብራት የለውም። አምፖል እንኳ ገዝቶ አያውቅም። ስለ ቆጣሪ ሲነሳ እንዲህ ላብ ላብ የሚለው ምን ሆኖ ነው? ብላ አሰበችና፣ ስለ ሽማግሌ እንዲህ በማሰቧ ራሷን ወቅሳ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ገጣሚዋ ጦጢት ከምሰሶው ወረደች። ካቻቢቴዋን ወገቧ ላይ ሻጥ አድርጋ፣ ቆጣሪውን በብብቷ ይዛ በሩን አንኳኳች።

«እመት አህዪት፣ ያስገጥማሉ ወይስ አያስገጥሙም?»

«አላስገጥምም። መተኛቴን ያወራብኛል አሉኝ።»

ጦጢት አልሳቀችም። «የተጠቀሙበትን መጠንና ሰዓቱን ይልካል፤ አልዋሽዎትም» አለች። «የሚልከው ለመብራት ቤቱ ነው። እርስዎም በዚህች በቆጣሪው መስኮት ላይ ቁጥሩን ያዩታል። ይህን የማይፈልጉ ከሆነ ይቅር ማለት መብትዎ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ይህ አምፖል በጠራራ ፀሐይ እንዲህ የቀላው ምን ሆኖ ነው?»

«አራት ወሩ ነው እንዲህ ከሆነ።»

«ከምድጃ ሌላ ምን አለዎት?»

«ምንም የለኝም።»

«የድሮው ቆጣሪዎ ምን ይላል?»

የድሮው ቆጣሪ በሩ አናት ላይ ነበር። መስታወቱ በጭስ ጠቁሮ ከውስጡ ምንም አይታይም። እመት አህዪት ቀና ብላ አየችው። አሥር ዓመት ሙሉ ከሥሩ ስትገባና ስትወጣ አንድ ቀን እንኳ አንብባው አታውቅም!

«አንድ አምፖልና አንድ ምድጃ መስመር አያደክሙም» አለች ጦጢት። «ልግጠመውና አብረን እንየው። ካልወደዱት አሁኑኑ አውርጄ የድሮውን እመልሳለሁ።»

እመት አህዪት ኮቴዋ የታተመበትን ወረቀት አየች። ከዚያ ያበጠ ሆዷን አየች። ወረቀቱን ገለባው ውስጥ ወሸቀችውና «ግጠሚው» አለች።

ጦጢት ፈታ ገጠመች። ስትጨርስ «አሁን ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ያጥፉ» አለች። እመት አህዪት አምፖሉን አጠፋች። ምድጃውንም ነቀለች። ቤቱ ጭር አለ።

ቆጣሪው ግን ጭር አላለም። ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ይላል። መስኮቱ ላይ ያለው ቁጥር ተቀየረ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተቀየረ።

«ምን እየቆጠረ ነው?» አለች እመት አህዪት ወደ ኋላ እያፈገፈገች። «ሁሉንም አጥፍቻለሁ እኮ! ኧረ ጉድ! ቤቴ ጂኒ ገብቷል!»

«ጂኒ መብራት አይጠቀምም» አለች ጦጢት። ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ አዳመጠች። ከዚያ ጥግ ላይ የተከመረውን ድርቆሽ በሁለት እጇ ገለጠችው። ከመስመሩ የተቀጠለ አረንጓዴ ገመድ መሬት ለመሬት ሄዶ፣ ግድግዳው ላይ በተቦረቦረ ቀዳዳ ወደ ጎረቤት ገብቷል። ወደ አያ ጅቦ ቤት!

እመት አህዪት ክው አለች። ገመዱን አውቃዋለች። የራሷ ነው። ከአራት ወር በፊት አያ ጅቦ «አክስቴ ሞተችብኝ» ብሎ እያለቀሰ መጥቶ፣ ለለቅሶው ድንኳን መብራት መስመር እንድትሰጠው ለምኗት ነበር። ለቅሶ ላይ መስመር መስጠት የጎረቤት ወግ ነውና በገዛ እጇ ቀጥላ ሰጠችው። ድንኳኑ በሦስተኛው ቀን ፈረሰ። ገመዱን ግን ማንም አላነሳው። እመት አህዪትም ሐዘንተኛ ደጃፍ ሄዳ «ገመዴን መልስ» ማለት ነውር መስሏት ዝም አለች። ዛሬ ይነቅለዋል፣ ነገ ይነቅለዋል እያለች ድርቆሽ ከመረችበትና ረሳችው። ይህን ይሉኝታ የፈጠረው ሰው አንድ ቀን ባገኘው ምን እንደምለው እኔ አውቃለሁ!

«ልጠይቀው እንዴ?» አለች በለሆሳስ። «ገና ዓመት እንኳ ሳይሞላ...»

«እመት አህዪት!» አለች ጦጢት። «የሞተችውን አክስት አንድ ሰው አይቷታል?»

እመት አህዪት አሰበች። ድንኳን አይታለች፤ ልቅሶም ሰምታለች። አስከሬን ግን ማንም አላየም።

የሰፈሩን ሽማግሌ አቶ ዔሊን ለምስክርነት ጠርተው የጅቡን በር አንኳኩ። መልስ የለም። እንደገና አንኳኩ።

«አሞኛል!» አለ አያ ጅቦ ከውስጥ። «ተኝቻለሁ! ቤትም የለሁም!»

ጦጢት በሩን ገፋ አደረገችው። አያ ጅቦና ጋሼ ቀበሮ ቆመዋል። በመካከላቸው አንድ ነጭ፣ ባለ ክዳን፣ ትልቅ የብረት ሳጥን እም... እያለ ያጉረመርማል። ያ አረንጓዴ ገመድ ሥሩ ገብቷል። አቶ ዔሊ ተጠግቶ ሲነካው እግሩን በድንጋጤ መለሰ። በረዶ ነው! ሥጋ ማቀዝቀዣ ነው!

«ይህ ምንድን ነው አያ ጅቦ?» አለች እመት አህዪት።

ጅቡ ወደ ቀበሮ አየ። ቀበሮ በዓይኑ ጠቀሰው። ጅብ ሲጠቀስ ገብቶት አያውቅም።

«አልጋዬ ነው» አለ ጅቡ። «ሙቀት አልችልም። ካላመናችሁ እዩኝ!» ብሎ ክዳኑን ከፈተና ዘልሎ ገባ። ጥፍሩን ሰብስቦ፣ ጭራውን ጠቅልሎ ተጋደመ። ጥርሱ ግን በብርዱ ይንገጫገጭ ጀመር። አቶ ዔሊ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ከጅቡ ጎን የቀረው ቦታ አሁንም ሰፊ ነው። በጣም ሰፊ!

«ለአንድ ጅብ ይህን የሚያህል አልጋ?» አለ አቶ ዔሊ። «ትንሽ አጥተህ ነው?»

«ኧረ ትንሹማ ነበር!» አለ አያ ጅቦ፣ የተመሰገነ መስሎት። «ጋሼ ቀበሮ ነው ትልቁን ያዝ ያለኝ። ትንሹ እሷን ብቻ ነው የሚችለው። እስክትወልድ ከታገሥክ ሁለት ይሆናሉ አለኝ። እዚህ ካስቀመጥናቸው ደግሞ አይሸቱም፤ ሌሎቹ ጅቦች ሰምተው አካፍለን አይሉኝም!»

የጦጢት ካቻቢቴ ከእጇ አምልጦ ወደቀ። እመት አህዪት በቁሟ ደርቃ ቀረች። አራት ወር ሙሉ ንፍሮዋ ሳይበስል፣ ቤቷ ሳይሞቅ፣ አምፖሏ ሲደክም የኖረው ለዚህ ነው! እሷና ገና ያልተወለደ ልጇ የሚቀመጡበትን ሳጥን የምታቀዘቅዘው እሷ ራሷ ነበረች!

«ምን እንዲህ ያስፈጥጣችኋል?» አለ ጅቡ ግራ ገብቶት። «አልነካኋትም እኮ! ምድጃዋን አጥፍታ ስትተኛ ሳጥኑ ድምፁ ይጎላል። ያኔ መተኛቷን እናውቃለን። አንድ ቀን እንኳ ገብተን እናውቃለን? አላወቅንም!»

«እናንተ...» አለች እመት አህዪት። «ቆጣሪው መተኛቴን ያውቅብኛል ብዬ ስንቀጠቀጥ... እናንተ አራት ወር ሙሉ... ጋሼ ቀበሮ፣ እርስዎ?»

ጋሼ ቀበሮ ግን አልነበረም። መስኮቱ ክፍት ነው። መነጽሩ ብቻ ደፉ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ጦጢት ሮጣ ሄዳ መስመሩን ዘጋችና «ዘግቼዋለሁ!» ብላ ጮኸች። እመት አህዪት አረንጓዴውን ገመድ በጥርሷ ያዘችው። ከዚያ በፊት በማንም ላይ ጥርሷን አሳይታ አታውቅም። አንዴ ነከሰች፤ ሁለተኛ ስትነክስ ገመዱ ተበጠሰ። ጉርምርምታው ቆመ።

«እንዴ!» አለ አያ ጅቦ ከሳጥኑ ውስጥ። «መብራት ጠፋ?»

አቶ ዔሊ መንደሩን ሰበሰበ። ጅቡ መሐላውን አፍርሷልና ሳጥኑን ተሸክሞ በዚያው ቀን ጅረቱን ተሻገረ። ሲሄድ ያለቅስ ነበር፤ የሚያለቅሰውም ሳጥኑ ባዶውን በመሄዱ ነበር። ቀበሮን ደግሞ ከዚያ ወዲህ ዋርካው ሥር ያየው ሰው የለም።

እመት አህዪት ግን ወደ ቤቷ አልገባችም። በዚያው እግሯ ወደ ጃርት ቤት ሄዳ «ባለፈው ዓመት የወሰድሽውን ወንፊቴን መልሽልኝ» አለች። ጃርት እሾኋ በድንጋጤ ቆመ። ቀጥላ ከርከሮን አካፋዋን ጠየቀችው። ዝንጀሮን ደግሞ ጓሮዋን አቋርጦ እንዳይመላለስ በአደባባይ ነገረችው። መንደሩ በሙሉ አፉን ይዞ ቀረ። «አህዪት ጠየቀች! ሰምታችኋል? አህዪት አፍ አውጥታ ጠየቀች!» እየተባለ ሳምንቱን ሁሉ ተወራ። ከሦስት ሳምንት በኋላም በሞቀ ቤት ውስጥ፣ ደማቅ አምፖል ሥር፣ ረጃጅም ጆሮ ያላት ውርንጭላ ወለደች።

ከዚህ የምንማረው፣ አዲስ ነገር ቤታችን ሊገባ ሲል የምንፈራውን ያህል፣ በይሉኝታ ዝም ብለን ያስቀመጥነው አሮጌ ነገር ማንን እየቀለበ እንደሆነም መጠየቅ እንዳለብን ነው።