ምርመራውን የቀደመ ድግስ

«አንድ ሰው ነበረ፤ ሰው የራበው» አሉ የኔታ ጥበቡ። የቀድሞ ተማሪያቸው፣ ዛሬ ባለመጋዘን ነጋዴ የሆነው ሽባባው፣ «ሰው ሁሉ ለምን ራቀኝ?» ብሎ ቢጠይቃቸው በቀጥታ አልመለሱለትም፤ እንዲህ ሲሉ ይተርኩለት ጀመር እንጂ።

ሰውየው ሠላሳ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ የነዳ ጡረተኛ ነው። ሚስቱ ሞታለች፤ ልጆቹ በየፊናቸው ሄደዋል። በደጉ ዘመን ከጀርባው ሕፃን ያለቅሳል፣ ዶሮ ይጮኻል፣ ሁለት መንገደኛ «መስኮቱ ይከፈት፣ አይከፈት» እያለ ይጣላል። ያኔ «ኧረ ዝም በሉ!» እያለ ይቆጣቸው ነበር። አሁን ግን ቤቱ ጭር ብሎበት፣ ምሳ ሲቀርብ ግድግዳውን «ብላ እንጂ» ሊለው ምንም አይቀረው። ብቸኝነት እንዲህ ያደርጋል።

የቀረው አንድ የጥንት ወዳጁ ብቻ ነበር፤ መካኒክ ነው። በየእሑዱ ይመጣል፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራል፣ ይሄዳል።

አንድ ቀን ሰውየው የሚሸጥ አሮጌ አውቶቡስ አየ። በወጣትነቱ የነዳው ዓይነት፣ አፍንጫማ ነው። ወንበሩ አዲስ ቆዳ ለብሷል፤ ቀለሙ ፊት ያሳያል። ልቡ ቀለጠ። «ይህን ከገዛሁ ሰርገኛ እጭናለሁ፣ ወደ ንግሥ የሚሄድ እጭናለሁ፤ ከእንግዲህ ሰው ከጀርባዬ አይጠፋም» አለ። ሆኖም ሳያስመረምር መግዛቱን የሹፌር ልቡ አልፈቀደለትምና ወዳጁን ጠራው።

እስከዚህ ደግ ነው። ጥፋቱ፣ ለዚያው ቀን ድፎ ዳቦ አስጋግሮ፣ ጠላ አስጠምቆ፣ ጎረቤቱን ሁሉ «አውቶቡሴን መርቁልኝ» ብሎ መጥራቱ ነው። ከሚስቱ ተዝካር ወዲህ ያ ግቢ ያን ያህል ሰው አይቶ አያውቅም። ሻጩም አውቶቡሱን አምጥቶ መሐል ግቢ አቆመው።

መካኒኩ ነጭ የለበሱትን እንግዶች ሲያይ ግራ ገባው። ቢሆንም ከረጢት አንጥፎ ከሥር ገባ። ብዙ ቆይቶ ወጣና ወዳጁን ወደ ጥግ ሊወስደው ቢሞክር ሰውየው «እዚሁ ንገረን እንጂ፣ ሰው ይስማው» አለ።

«ሻንሲው፣ ሁሉን የሚሸከመው የሥሩ ብረት፣ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል» አለ መካኒኩ። «በይደው ቀለም ቀብተውበታል። ባዶውን ይቆም ይሆናል እንጂ ሰው አይሸከምም። ተወው ወንድሜ።»

ሰውየው ዳቦውን አየ፣ እንግዶቹን አየ፣ ይሉኝታ ያዘው። እነዚህን ሰዎች ሳይመርቁ አሰናብቶ ነገ ማን ሊመጣለት ነው? ሳቅ አለና «ተዉት እባካችሁ፣ ዓይኑ ደክሟል፤ አርጅቷል» አላቸው። እንግዶቹም ሳቁ። መካኒኩ ከረጢቱን አጥፎ ሄደ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ምርቃቱ ወረደ፣ አውቶቡሱ ተገዛ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በወሩ የመጫኛ ፈቃድ ሊያወጣ ቢወስደው መርማሪዎቹ «ሰው እንዳትጭንበት» ብለው መለሱት። የመረቁት ጎረቤቶች አንድ ሁለት ቀን «አይዞህ» አሉትና ቀሩ። እሑድ ሲመጣ ሰውየው መሪው ላይ ተቀምጦ በመስተዋቱ ወደ ኋላ ያያል፤ አርባ አምስት ወንበር፣ ሁሉም ባዶ። የውጭው በር የተንኳኳ በመሰለው ቁጥር ይወርዳል። ማንም የለም። የመካኒኩ ቤት እኮ ከዚያ ግቢ የሩብ ሰዓት መንገድ አይሞላም።

የኔታ ወደ ሽባባው ዞር አሉ። «አንተም እንደዚያ ሰው ነህ። ምከሩኝ እያልክ የምትጠራን ለምርቃት ነው። መጋዘኑን ስትጀምር ታላቅ ወንድምህ ‹ቦታው ውኃ ይቋጥራል› ቢልህ፣ በእንግዳ ፊት ‹ምቀኛ› ብለኸው የለም? ያን ቀን አብረውህ የሳቁት ዛሬ የት አሉ? ሰው አልራቀህም ልጄ፤ የሚቀርብህን አንተው አሳፍረህ ሸኘኸው።»

«ወንድሜ ቢመጣልኝማ ይቅርታ እጠይቀው ነበር» አለ ሽባባው።

«ሰውየውም በሩን እያየ የሚለው ይህንኑ ነው» አሉት የኔታ።