የበላይነሽ ድምፅና የእድሩ ፍላሽ

«አልከፍትም አለ፣ አባዬ!» አለች ትርሲት፣ የኮምፒውተሩን ዳንቴል ገልጣ በእጇ እንደያዘች።

አባቷ ጋሽ እንግዳሸት ከኋላዋ ቆመው ነበር። የፈለጉት ትንሽ ነገር ነው። አምና ያረፈችው ሚስታቸው በላይነሽ በልጅ ልጃቸው ክርስትና ላይ ስትናገር የተቀረጸችበትን ቪዲዮ ማየት፤ ከማየቱም ይልቅ መስማት። ድምጿ ከጆሯቸው እየራቀ፣ አስበውት እንኳ አልመጣ እያለ ነው። ቪዲዮው ደግሞ ከዚህ ኮምፒውተር በቀር የትም የለም።

ዳንቴሉን የሠራችውም እሷው ናት። ኮምፒውተር ቫይረስ ይይዘዋል ቢሏት፣ እንግዲያው ይልበስ ብላ። ለብሶም ያዘው።

«ነገ ጠዋት ፎርማት ነው!» አለ አማቻቸው፣ የትርሲት ባል ይድነቃቸው፣ ከበረንዳው። የሰፈሩ የኮምፒውተር አዋቂ ነኝ ባይ እሱ ነው። «ያለውን ሁሉ ጠራርጌ አጠፋና እንደ አዲስ እጀምረዋለሁ።»

«በላይነሽስ?»

«እሳቸውም አብረው ይጠፋሉ፣ አባባ። ደኅንነት ቀልድ አያውቅም።»

ጋሽ እንግዳሸት ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አድኛት» አሏት።

ትርሲት አንቲቫይረሱን ጠራችው። የኮምፒውተር ሐኪም ማለት ነው አለቻቸው። ሐኪሙ ብቅ አለና ጊዜዬ አልፏል፣ አዲስ መድኃኒት ከኢንተርኔት ካልመጣልኝ አላክምም አለ። ዋይፋዩን ብትለምነው ፓስወርድ ካልነገርሽኝ አላሳልፍም አለ። ፓስወርዱን ደግሞ ይድነቃቸው ትናንት ለውጦታል፤ ለሚስቱ ለትርሲትም አልነገራትም። ይኸው እንግዲህ፤ ዋይፋዩ አያሳልፍም፣ ሐኪሙ አያክምም፣ ኮምፒውተሩ አይከፍትም፣ ጋሽ እንግዳሸትም በላይነሽን አይሰሙም።

ወደ በረንዳው ወጡ። «ፓስወርዱን ስጠኝ።»

«ለምንዎ ነው?»

«ፓስወርድ ከሌለ ዋይፋዩ አያሳልፍም፣ ሐኪሙ አያክምም፣ ኮምፒውተሩ አይከፍትም፣ እኔም በላይነሽን አልሰማም።»

ትርሲት በመስኮቱ በኩል አፏን ይዛ ቀረች። አባቷ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም።

ይድነቃቸው ግን አልሰጥም አለ። «በሽታውን ያመጣው የእድሩ ፍላሽ ነው። ያ ፍላሽ እንደ ዘመድ በየቤቱ ያድራል። የስብሰባ ጥሪ ይዞ ይገባል፣ መዝሙር ይዞ ይወጣል፣ የሰርግ ፊልም ይዞ ይመለሳል፣ የገባበትን ሁሉ ስሞ ይሄዳል! ዛሬ ብናክም ነገ መልሶ ያመጣዋል። ፍላሹ ሊታጠብ እፊቴ ካልመጣ ፓስወርድ የለም።»

እውነቱን ነው። የሰፈሩ ሰው አጥሩ ላይ ጠርሙስ ሰክቷል፣ በሩ ላይ ሁለት ቁልፍ አንጠልጥሏል፣ ውሻም አስሯል። ፍላሹ ሲመጣ ግን ሁሉም ወለል አድርጎ ይከፍትለታል።

ጋሽ እንግዳሸት ዳገቱን ይዘው ወደ እድሩ ጸሐፊ ወደ ወይዘሮ ስንቅነሽ ወጡ።

«ምነው ጋሼ፣ በደኅናዎ ነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ፍላሹን ፈልጌ። ፍላሹ ካልመጣ ይድነቃቸው ፓስወርድ አይሰጥም፣ ፓስወርድ ከሌለ ዋይፋዩ አያሳልፍም፣ ሐኪሙ አያክምም፣ ኮምፒውተሩ አይከፍትም፣ እኔም በላይነሽን አልሰማም።»

«ውይ! ደግሞ መናገር ያውቃሉ ለካ!» አለች። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። «የኛ ፍላሽ ነው በሽታ ያመጣው የሚለው? በመሐረቤ ቋጥሬ የምይዘውን? በየሳምንቱ በአልኮል የምጠርገውን? ይኼ ምቀኛ!»

«እንግዲያው ስጪኝ።»

«የታለና! የእሁዱን ስብሰባ ጥሪ እንዲያትምልን ለታምሩ ሰጥቼዋለሁ። ታምሩ ካልመለሰልኝ ከየት ላምጣው?»

ጋሽ እንግዳሸት ዳገቱን ወርደው ወደ ታምሩ ፎቶ ቤት ሄዱ። ቤቱ ሰው ሞልቶበታል። ለጉርድ ፎቶ የተኳለች ልጅ ተቀምጣ ታንቀላፋለች። ማመልከቻ ሊያስጽፉ የመጡ ሁለት ሰዎች ግድግዳ ተደግፈዋል። ታምሩ ራሱ እጁን አጣጥፎ ኮምፒውተሩን ፊት ለፊት ያየዋል፣ እንደ ዳኛ።

«ምን ልታዘዝ፣ ጋሼ?»

«አንተ ካልመለስክ ስንቅነሽ ፍላሹን አትሰጥም፣ ፍላሹ ካልመጣ ይድነቃቸው ፓስወርድ አይሰጥም፣ ፓስወርድ ከሌለ ዋይፋዩ አያሳልፍም፣ ሐኪሙ አያክምም፣ ኮምፒውተሩ አይከፍትም፣ እኔም በላይነሽን አልሰማም።»

የተኳለችው ልጅ ነቃች። «እንደገና ይበሉት፣ አባባ» አለች።

«ፍላሹማ ይኸውና» አለ ታምሩ። «ከጠዋት ጀምሮ ተሰክቶ ቀረ። አውጣ ብዬ ባዘው አሁን ማውጣት አይቻልም፣ ቆይ ይለኛል። ይኸው ቆየን።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪፈቅድ ነዋ። ቫይረስ ይዞታል። ይድነቃቸው መጥቶ ካላከመው አይለቅም። ብደውልለት ደግሞ ፍላሹ እፊቴ ካልመጣ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም አለኝ።»

ጋሽ እንግዳሸት ይህን በልባቸው አዞሩት። ይድነቃቸው ካልመጣ ፍላሹ አይለቅም፤ ፍላሹ ካልመጣ ይድነቃቸው አይመጣም። ነገ ጠዋት ደግሞ ፎርማት ነው።

«የቱ ነው?» አሉ።

ታምሩ ጣቱን ቀሰረ። ከኮምፒውተሩ ጎን የበቀለች ትንሽ ጥቁር ነገር ናት፣ ከበሬ ጆሮ ሥር እንደተጣበቀ መዥገር። ጋሽ እንግዳሸት ጎንበስ አሉ፣ በሁለት ጣታቸው ያዙ፣ መንጭቀው ነቀሉ።

«ኧረ በእግዚአብሔር!» ታምሩ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ሳይፈቅድ! ሳይፈቅድ ነቀሉት!» ግድግዳ የተደገፉት ሰዎች ወደ በሩ ሸሹ።

ኮምፒውተሩ አልፈነዳም። ቆይ የሚለውን ቃል ከፊቱ አነሣና ዝም አለ።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቆመዋል! ፍላሹ ተነቀለ፤ ታምሩ መለሰ፤ ስንቅነሽ በመሐረቧ ቋጥራ ስድቧንም ይዛ ተከተለች፤ ይድነቃቸው ፍላሹን አየና ፓስወርዱን ሊሰጥ እሺ አለ። ግን እንዲሁ አይሰጥም። መስኮቱን ዘጋ፣ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ፣ ስንቅነሽን ፊቷን አዞራት። ከዚያ ፊደል ባልቆጠሩት በጋሽ እንግዳሸት ጆሮ አንሾካሾከ።

«የእማማ ስም ነው። በላይነሽ፤ መጨረሻው ላይ አንድ ሁለት ሦስት። ማንም አይደርስበትም ብዬ ነው።»

ጋሽ እንግዳሸት አማቻቸውን ትክ ብለው አዩት። ያን ስም ከዳገት ቁልቁለት፣ በየደጁ ሲጠሩት ነው የዋሉት። ፎቶ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ሰምቶታል።

«ለውጠው» አሉት።

ፓስወርዱ ተሰጠ፤ ዋይፋዩ አሳለፈ፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን አገኘ፤ ኮምፒውተሩንም አከመ፣ ፍላሹንም ከመከፈቱ በፊት አጠበ። ከፍላሹ የወጣውን ቫይረስ ትርሲት ጮክ ብላ ስትቆጥር ስንቅነሽ መሐረቧን አጣጥፋ ደበቀች። ይድነቃቸውም ፎርማቱን ተወ፤ ሐኪሙን የላክሁት እኔ ነኝ እያለ።

«ሌላም ቦታ አስቀምጧት» አሉ ጋሽ እንግዳሸት።

«እዚህ ላይ ላድርግልዎት?» ስንቅነሽ ፍላሹን ዘረጋች።

«አይሆንም!» አለ ቤቱ ሁሉ ባንድ ድምፅ። ትርሲት በስልኳ ላይ ገለበጠችው።

ከዚያ ቪዲዮው ተከፈተ። ድንኳኑ መጣ፣ ሕፃኑ መጣ፣ ጫጫታው መጣ። ሰው ሁሉ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጋሽ እንግዳሸት ብቻ፣ ቀኑን ሙሉ ሲወጡ ሲወርዱ ውለው፣ ዳንቴሉን በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። በላይነሽ ከድንኳኑ መሐል ዞር አለች፣ ቀጥታ አየቻቸውና ጮኸች፦

«አንተ እንግዳሸት! ሰው ሁሉ ተቀምጦ አንተን ብቻ ምን ያንከራትትሃል? ና እንጂ፤ ቦታ ይዤልሃለሁ!»